መጀመሪያ ዘሩን እንይ፣ ትራክተሩ ይደርሳል

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ ረዘም ያለ ጽሑፍ ላከልኝ። ለዱር እንስሳት መኖ ለመዝራት ምን ዓይነት የትራክተር መሣሪያ መግዛት እንዳለብን የሚመክር ነው። ከሥሩ «እስቲ እየው ወንድሜ፣ ሮታቬተር ልገዛ ነው፣ ቀብድም ከፍያለሁ» ብሏል። አነበብኩት። እንዲያውም ሁለቴ አነበብኩት። ጸሐፊው ትራክተር እንደሚወዱ ያስታውቃል፣ አጻጻፋቸውም ለዛ አለው። ምክሩ ግን ከጅራቱ የተጀመረ ነው፣ ዝም ብዬ ባልፈው ደግሞ የወዳጄ ገንዘብ ሊበላ ነው።

ጽሑፉን ላላያችሁት ባጭሩ እንዲህ ይላል። አቅም የፈቀደውን ትልቅ ትራክተር ግዙ፣ ጉልበት ከበዛ አይጎዳም፣ ሰፊ መሣሪያም አስከትሉበት። በሚሽከረከሩ ቢላዎች አፈሩን ዱቄት የሚያደርግ ሮታቬተር ካላችሁ ሌላ ነገር አያስፈልግም። እየተጎተተ በክብ ክብ ብረቶቹ አፈሩን የሚቆርጠውን ዲስክ ከመረጣችሁም ሁሉም ዲስክ ያው ዲስክ ነው፣ ስፋቱን ብቻ እዩ። አፈሩን ተጭኖ የሚያጠብቀው መዳመጫ የቅንጦት ዕቃ ነው፣ ግንድ በሰንሰለት ብትጎትቱ ይበቃል። ዘሩን ሁሉ ደባልቃችሁ በአንዴ በትኑት። የፀረ-አረም መርጫ አትግዙ፣ አረሙን ማረስ ይገድለዋል። ገንዘብ ከተረፋችሁ ደግሞ መሬቱ ሳይታረስ የሚዘራ ኖ-ቲል መዝሪያ ግዙና ተገላገሉ።

እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ምርጫው ከዘሩ ይጀምራል። ዘሩ ስንት ሚሊ ሜትር መቀበር እንደሚፈልግ ካወቃችሁ አፈሩ ምን ያህል ጠበቅ ማለት እንዳለበት ታውቃላችሁ። እሱ ሲታወቅ መሣሪያው ይታወቃል። መሣሪያው ክብደቱና ስፋቱ ከታወቀ ትራክተሩን መምረጥ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ጸሐፊው ከዚህ ከመጨረሻው ነው የጀመሩት።

የመኖ ማሳ ሲባል ላልሰማ ሰው፣ አጋዘን፣ የዱር ቱርክ፣ ቆቅና ጥንቸል እንዲበሉት በጫካ መሃል ወይም ዳር የሚዘራ ማሳ ነው። አይታጨድም፣ አይወቃም፣ ጎተራ አይገባም። ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሄክታር ያልበለጠ፣ ጠበብ ብሎ የረዘመ፣ ጥጋጥጉ የተጣመመ፣ ሥርና ድንጋይ የማያጣ መሬት ነው። ለሰፊ እርሻ የሚሠራው ሒሳብ እዚህ አይሠራም። ይቺን ያዙልኝ።

«ጉልበት ከበዛ አይጎዳም»

ይጎዳል። ሲጀመር ቁጥሩ ራሱ ያሳስታል። ትራክተሩ ላይ ተጽፎ የምታዩት የፈረስ ጉልበት የሞተሩ ነው። ሮታቬተሩን ወይም ማጨጃውን የሚያዞረው ግን በኋላ በኩል ፒቲኦ በሚባለው ተሽከርካሪ ዘንግ የሚወጣው ጉልበት ነው፣ እሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሞተሩ ከ10 እስከ 15 በመቶ ያንሳል። 35 የተባለው ትራክተር ኋላው ላይ 30 ቢሰጣችሁ ነው። መሣሪያ ስትገዙ የሚጠየቀው ይሄ ሁለተኛው ቁጥር ነው፣ ጽሑፉ ላይ ግን አንዴም አልተነሳም።

አሁን ስለ ስፋቱ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። የመሣሪያውን ስፋት በሜትር፣ ፍጥነቱን በኪሎ ሜትር በሰዓት አድርጋችሁ አባዙና ለ10 አካፍሉት፤ በሰዓት ስንት ሄክታር እንደምትሠሩ ይነግራችኋል። ለመታጠፊያና ለመደራረብ 20 በመቶ ቀንሱ። 1.5 ሜትር ስፋት ያለው ዲስክ በ6 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ብትጎትቱ በሰዓት 0.7 ሄክታር ገደማ ትከሰክሳላችሁ። ግማሽ ሄክታሩ በአንድ ዙር 42 ደቂቃ ይፈጃል ማለት ነው። የ3 ሜትሩን ብታመጡ 21 ደቂቃ። ትርፉ 21 ደቂቃ! ለዚያች 21 ደቂቃ ስትሉ ከባድ ትራክተር ልትገዙ፣ እሱን የሚጭን ተጎታች ልትፈልጉ፣ ከዚያም የ3 ሜትሩ ዲስክ እንዲያልፍ በዛፎቹ መሃል መንገድ ልትጠርጉ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት እንዲህ ነው። ትልቁ ትራክተር በዚያ ላይ ከባድ ነው፣ አፈሩ እርጥብ ሲሆን በሄደበት ሁሉ ይጠቀጥቀዋል፣ የጠቀጠቀውን ደግሞ መልሳችሁ የምትፈቱት እናንተ ናችሁ።

ከጉልበቱ ይልቅ የማንሳት አቅሙን ጠይቁ። መሣሪያውን ከትራክተሩ ኋላ በሦስት ቦታ ይዞ የሚያነሳው ባለ ሦስት ነጥብ ማያያዣ የመሐንዲሱ የሃሪ ፈርጉሰን ሥራ ነው። በፈረንጆቹ 1939 በፎርድ-ፈርጉሰን 9ኤን ትራክተር ላይ ተገጥሞ ገበያ ከወጣ ጀምሮ የእርሻ መሣሪያ ዓለም በሱ ነው የሚሄደው። ይሄ ማያያዣ ስንት ኪሎ እንደሚያነሳ የሚለካው በሁለት ቦታ ነው። አንዱ ክንዶቹ ጫፍ ላይ ነው። ሌላው ከጫፉ 61 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ትልቅ ስለሆነ ማስታወቂያ ላይ እሱ ይወጣል፣ የመሣሪያችሁ ክብደት የሚያርፈው ግን ወደ ሁለተኛው ቦታ ነው።

ቢያነሳው እንኳን የፊት ጎማ የሚባል ነገር አለ። አንድ ጊዜ ለትራክተሬ የሚከብድ ዲስክ አንስቼ ትንሽ ዳገት እየወጣሁ ነበር። መሪውን ወደ ግራ አዞርኩት። ትራክተሩ ቀጥ ብሎ ሄደ። ይበልጥ አዞርኩት፣ አሁንም ቀጥ። ጎንበስ ብዬ ሳይ የፊት ጎማዎቹ መሬቱን ነካ ለቀቅ፣ ነካ ለቀቅ ያደርጋሉ። ዲስኩን ቀስ ብዬ አወረድኩና እስኪረጋ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ፊት ለፊቱ ላይ ክብደት ሳላንጠለጥል ምንም ከባድ ነገር ከኋላው አላስርም። ከጠቅላላው ክብደት ቢያንስ 20 በመቶው የፊት አክሰሉ ላይ ማረፍ አለበት የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም።

«ሮታቬተር ካላችሁ ሌላ ነገር አያስፈልግም»

ወዳጄ ቀብድ የከፈለው ለዚህ ስለሆነ እዚህ ጋ ትንሽ እቆያለሁ።

ሮታቬተር ሲሠራ ማየት ደስ ይላል። ከፊቱ ሣር የለበሰ ደረቅ መሬት፣ ከኋላው ለስላሳ ቡናማ አፈር። እኔም በዚሁ ተሸውጃለሁ። የመጀመሪያውን የክሎቨር (ባለ ሦስት ቅጠል የመኖ ተክል ነው) ማሳዬን በተውሶ ሮታቬተር ሁለት ጊዜ አስኬድኩበት። አፈሩ እንደ ፍራሽ ሆነ፣ ስረግጠው እስከ ቁርጭምጭሚቴ ሰመጥኩ። ጎበዝ ብዬ ራሴን አሞገስኩና ዘሩን በትኜበት ሄድኩ። ማታውኑ ዝናብ ጣለ፣ ይበልጥ ደስ አለኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስመለስ ማሳው ራሰ በራ ሆኗል። መሃሉ ላይ ግን ሁለት አረንጓዴ መስመሮች አሉ፣ በገመድ የተሰመሩ ይመስላሉ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደው በስተመጨረሻ ይታጠፋሉ። ዘሩን ከዘራሁ በኋላ የረሳሁትን ባልዲ ላመጣ በትራክተር ያለፍኩበት መንገድ ነው። ክሎቨሩ የበቀለው ጎማው የረገጠበት ላይ ብቻ ነበር።

ለምን? የክሎቨር ዘር በጣም ደቃቅ ነው፣ ነጩ ክሎቨር በአንድ ኪሎ ውስጥ 1.7 ሚሊዮን ገደማ ፍሬ አለው። ይቺ ፍሬ የያዘችው ስንቅ ከ6 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥልቀት በላይ አያደርሳትም። በተበጠበጠ አፈር ላይ ስትበተን ክፍተቱ ውስጥ ትገባለች፣ ዝናብ መጥቶ አፈሩ ሲረጋ ደግሞ ከራሱ ጋር ይዟት ይወርዳል። ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ከገባች አበቃ፣ ከታች ትበቅልና ላይ ሳትደርስ ትሞታለች። ላይ የቀረችውም ብትሆን አፈሩ ስላልጨበጣት እርጥበት አታገኝም። ጎማው የረገጠበት ቦታ ላይ አፈሩ ጠበቅ ብሎ ዘሯን ያዛት፣ ከሥር ያለውም ውሃ በጠበቀው አፈር በኩል ወደ ላይ ደረሰላት።

ሮታቬተሩ ሌላም ጣጣ አለው። አብዝታችሁ ስትፈጩት አፈሩ ከዝናብ በኋላ እንደ ቅርፊት ይደርቃል። ቢላዎቹ በየዓመቱ አንድ ጥልቀት ላይ ሲመቱ ከሥር ጠንካራ ንጣፍ ይሠራሉ፣ ሥሩ እዚያ ሲደርስ ወደ ጎን ይታጠፋል። ከመሬት በታች በሥር መሰል ግንዱ የሚራባ ሣር ካለባችሁ ደግሞ ሮታቬተር ቆራርጦ ይዘራላችኋል፤ እያንዳንዷ ቁራጭ አዲስ ሣር ትሆናለች። አንዱን አረም ሃያ አድርጋችሁ መመለስ ማለት ነው።

አትግዙት አላልኩም። ለጠባብ ማሳ፣ ዲስክ ለማይዞርበት ጥግ፣ ድንጋይ ለሌለው መሬት ጥሩ መሣሪያ ነው። ካልቀረ ግን እንዲህ ምረጡት። ስፋቱ ቢያንስ የኋላ ጎማዎቻችሁን ዱካ ይሸፍን። ለያንዳንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ወደ 5 የፒቲኦ ፈረስ ጉልበት አስቡ፣ 1.5 ሜትሩ 25 ይፈልጋል። ድንጋይ ወይም ሥር ሲመታ ካምቢዮው እንዳይሰበር የሚንሸራተት ፍሪሲዮን ያለውን ምረጡ፤ ያ ካልተገኘ ቡሎኑ የሚቆረጥ ይሁን፣ ትርፍ ቡሎንም ኪሳችሁ ውስጥ አይጥፋ። ትራክተሩ በጣም ቀስ ብሎ የሚሄድበት ማርሽ እንዳለው አረጋግጡ። ከዚያ ጥልቀቱን ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር አድርጉና አንዴ ብቻ እለፉ። ከኋላው ግን መዳመጫ የግድ ነው፣ እሱ ጋ እመጣለሁ።

«ሁሉም ዲስክ ያው ዲስክ ነው»

ሁለት ዲስኮች ጎን ለጎን ቆመው ከሩቅ ሲታዩ እውነትም ያው ናቸው። ሥራ ላይ ግን አንደኛው መሬቱን ይቆርጣል፣ ሌላው በላዩ ላይ እየዘለለ ይንሸራተታል። ልዩነቱ ክብደቱ ነው። ሮታቬተር በሞተር ጉልበት ነው የሚቆፍረው፣ ዲስክ ግን ወደ ታች የሚገፋው የራሱ ክብደት ብቻ ነው። ስለዚህ ሻጩን ስፋቱን ከመጠየቃችሁ በፊት ክብደቱን ጠይቁት፣ ለዲስኮቹ ብዛት አካፍሉት፣ ያገኛችሁትን ከሌላው ጋር አወዳድሩ። በአንድ ዲስክ ላይ የሚያርፈው ኪሎ የበለጠው ይሻላል። ጸሐፊው እንዳሉት ስፋቱን ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው ክብደቱ በብዙ ዲስክ ላይ የሳሳ ዕቃ ይዞ ነው የሚገባው፣ ከዚያ ብሎኬትና ድንጋይ ይጭንበታል። ሁላችንም ጭነናል። ትንሽ ይረዳል፣ ግን ብረቱና ኩሽኔታው ለዚያ ካልተሠራ ይታጠፋል፣ ያልታሰረ ብሎኬትም ይወድቅና ዲስኩ ሥር ይገባል።

ቀጥሎ የዲስኮቹን ረድፍ ማዕዘን ማስተካከል ይቻል እንደሆነ እዩ፤ ማዕዘኑ ሲሰፋ ይበልጥ ይቆፍራል፣ ሲጠብ ለማለስለሻ ይሆናል። የፊት ረድፉ ጥርስ ጥርስ ያለው ቢሆን ሣርና ገለባ ይቆርጣል፣ የኋላው ድፍን ቢሆን ያስተካክላል። ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ከ45 እስከ 56 ሳንቲ ሜትር ዲያሜትር ያላቸው ዲስኮች ይበቃሉ። አሮጌ ስትገዙ ዲያሜትሩን በሜትር ለኩ፤ በብዙ ዓመት ሥራ ብዙ ሳንቲ ሜትር ተበልቶ ይገኛል፣ ቀለም ደግሞ አዲስ ያስመስለዋል።

በጎማ የሚጎተተው ዲስክ ከባድና ጥሩ ቆራጭ ነው፣ ግን ለመታጠፍ ቦታ ይፈልጋል። በሦስት ነጥብ የሚነሳው ቀለል ቢልም ወደ ኋላ ሄዳችሁ ጥግ ውስጥ ታስቀምጡታላችሁ። ለጫካ ማሳ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ለዘመናት ያልታረሰ ሣር ላይ ግን ከሁለቱ አንዳቸውም በአንድ ቀን ተአምር አይሠሩም። መጀመሪያ ሣሩን ማጨድ፣ መግደል፣ እስኪበሰብስ መጠበቅ፣ ከዚያ ነው ዲስኩ።

«መዳመጫ ቅንጦት ነው፣ ግንድ ጎትቱ»

ከጽሑፉ ሁሉ ያናደደኝ ይሄ ነው።

አንድ መሣሪያ ብቻ ግዛ ብትሉኝ መዳመጫ እገዛለሁ። ቀለበት ቀለበት ጥርስ ያለው ከባድ ሲሊንደር ነው፣ ፒቲኦ አይፈልግም፣ ሃይድሮሊክ አይፈልግም፣ ግራሶ ከሰጣችሁት ዕድሜ ልክ ያገለግላል፣ ትንሹ ባለ አራት ጎማ ሞተርም ይጎትተዋል። ደቃቅ ዘር ከመበተናችሁ በፊት አንዴ፣ ከበተናችሁ በኋላ አንዴ። የመጀመሪያው አፈሩን ያጠብቃል፣ ቀለበቶቹ ትናንሽ ቦይ ይሠራሉ፣ ዘሩ እዚያ ውስጥ ይወድቃል። ሁለተኛው ቦዩን ይከድናል። በቃ፣ ያ 6 ሚሊ ሜትር ማለት ይሄው ነው። መለኪያው ደግሞ እግራችሁ ላይ ነው። ማሳው ላይ ቆማችሁ የጫማችሁን ዱካ እዩ፤ ከ1 ሳንቲ ሜትር ገደማ በላይ ከሰመጠ ገና ነው። አፈሩ እርጥብ ሆኖ መዳመጫው ላይ ከተጣበቀ ደግሞ አቁሙ፣ ዘሩን እየጠቀለለ ይዞባችሁ ይሄዳል።

ግንዱስ? ግንድ አፈር ያስተካክላል፣ አያጠብቅም። በተበተነ ዘር ላይ ሲጎተት ደግሞ ዘሩን ጠርጎ አንድ ቦታ ይከምረዋል። ከሁሉ የባሰው ግን ጸሐፊው ሰንሰለቱን «የተመቻችሁ ቦታ እሰሩት» ማለታቸው ነው። አይሆንም! ሰንሰለት የሚታሰረው ከታች መጎተቻው ላይ ብቻ ነው። አክሰሉ ላይ ወይም ከፍ ብሎ የላይኛው ማያያዣ ላይ ታስሮ ግንዱ ጉቶ ሲይዘው የኋላ ጎማው መዞሩን ይቀጥላል፣ ትራክተሩ አፍንጫውን ያነሳና ሹፌሩ ላይ ወደ ኋላ ይገለበጣል። ከመነሳቱ እስከ መገልበጡ አንድ ሰከንድ ተኩል ገደማ ነው፣ ፍሪሲዮን ለመርገጥ የሚበቃው ጊዜ ደግሞ የዚያ ግማሽ ነው። ከመቀመጫው በላይ የሚቆመው የብረት ቅስትና ቀበቶው ለዚህ ነው የተሠሩት፣ አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም። ፒቲኦውም እንዲሁ፤ በደቂቃ 540 ዙር ማለት በሰከንድ 9 ዙር ነው። የጃኬታችሁን ጫፍ ከያዘ ምን ሆነ ብላችሁ ሳትጨርሱ ተጠቅልላችኋል። መሸፈኛው የተሰበረ ዘንግ በርካሽ ቢሰጣችሁም መሸፈኛው ሳይተካ አትንኩት።

«ዘሩን ሁሉ ደባልቃችሁ በትኑት»

ስንዴና አጃ ከ2.5 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር መቀበር ይፈልጋሉ። ክሎቨር 6 ሚሊ ሜትር። ደባልቃችሁ በትናችሁ በዲስክ ከቀበራችሁ ክሎቨሩ ሞተ፣ በመዳመጫ ብቻ ካለፋችሁ ስንዴው ላዩ ላይ ቀርቶ የወፍ ቀለብ ሆነ። መበተኛውም ራሱ ይለያቸዋል። የሚሽከረከረው ሳህን ከባዱን ፍሬ ራቅ አድርጎ፣ ደቃቁን ቅርብ ይጥላል። መንገድ ላይ ንዝረቱ ደቃቁን ወደ በርሜሉ ሥር ያወርደዋል፣ ስለዚህ ማሳው መጀመሪያ ላይ ክሎቨር ብቻ፣ መጨረሻው ላይ ስንዴ ብቻ ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው። ትልቁን ዘር በትኑ፣ በዲስክ ሣሣ አድርጋችሁ ቅበሩ፣ ዳምጡ፣ ደቃቁን በትኑ፣ እንደገና ዳምጡ።

መጠኑንም ሳይለኩ መጀመር የለም። 10 ኪሎ ለሄክታር ማለት ለ100 ካሬ ሜትር 100 ግራም ነው። መበተኛችሁ 5 ሜትር የሚጥል ከሆነ 20 ሜትር ተጓዙና ስንት ግራም እንደጎደለ በሚዛን እዩት። ቀዳዳውን ግማሽ መጠን እንዲያወጣ አድርጋችሁ ማሳውን አንዴ በቁመት አንዴ በጎን ሂዱበት፣ የሳታችሁትን ሁለተኛው ዙር ይሸፍነዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የክሎቨር ዘር ግን አፍሳችሁ እንኳን አትለቅሙትም። እኔ አንድ ከረጢት ሙሉ በማሳው ሲሶ ላይ ጨርሼ ቆሜ ያየሁበት ቀን አለ። ለእንዲህ ዓይነት ማሳ እንዲያውም አንገት ላይ የሚንጠለጠለው በእጅ የሚዞር መበተኛ ከትራክተሩ ይሻላል።

«አረሙን ማረስ ይገድለዋል»

የበቀለውን አዎ። የተቀበረውን ግን ይቀሰቅሰዋል። አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ የቆየ የአረም ዘር አለ፣ ብዙው ብርሃን ሲያይ ይነቃል፣ ዲስኩ ደግሞ ወደ ብርሃን ያወጣዋል። ስለዚህ አርሳችሁ በማግስቱ አትዝሩ። ሁለት ሦስት ሳምንት ተዉት፣ ይብቀል፣ ያኔ መሬቱን እንደገና ሳትገለብጡ ግደሉት። በፀረ-አረም ከሆነ መርጫ ያስፈልጋል፣ ትራክተሩ ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ባለ ክንድ መርጫ ይበቃል። ልኬቱ እንዲህ ነው። ከአንድ ኖዝል (መድኃኒቱ የሚረጭበት አፍ) በደቂቃ የሚወጣውን ሊትር በ600 አባዙ፣ ከዚያ ለፍጥነቱ በኪሎ ሜትር በሰዓት፣ ቀጥሎም በኖዝሎቹ መሃል ላለው ርቀት በሜትር አካፍሉ። 1.2 ሊትር፣ 6 ኪሎ ሜትር፣ 0.5 ሜትር ከሆነ 240 ሊትር በሄክታር ይመጣል። ውሃ ብቻ ሞልታችሁ ሞክሩት። መድኃኒቱ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ከኔም ከጸሐፊውም ይበልጣል፣ እሱን አንብቡ። ነፋስ ባለበት ቀን ደግሞ ቤታችሁ ዋሉ።

መርጨት የማይፈልግ ሰው ማጨጃ ይኑረው፣ እሱ እንዲያውም ከሁሉ ቀድሞ የሚገዛ ዕቃ ነው። ክሎቨሩን አረም ሲውጠው ከፍ አድርጎ ማጨድ ብቻውን ብዙ ያስተካክላል። በመራቢያው ወቅት ግን አታጭዱ። የአጋዘን ግልገል አደጋ ሲመጣበት አይሮጥም፣ ሣሩ ውስጥ ተለጥፎ ይተኛል። ወፎቹም እንቁላላቸውን ታቅፈው ይቀመጣሉ።

«ኖ-ቲል መዝሪያ ካላችሁ ተገላገላችሁ»

ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር። ማሽኑ ግሩም ነው፣ አልክድም። አፈሩን ሳይገለብጥ ይሰነጥቃል፣ ዘሩን በልኩ ያስቀምጣል፣ ይዘጋል፤ ተዳፋት መሬት ላይ አፈሩ አይታጠብም፣ እርጥበትም አይባክንም። ግን በጣም ከባድ ነው፣ ትንሹ እንኳን ብዙ ትናንሽ ትራክተሮችን ያስቸግራል። አረሙ ቀድሞ ካልሞተ ዋጋ የለውም፣ ማለትም «አትግዙ» የተባለው መርጫ ያስፈልጋችኋል። ለደቃቅ ዘር የተለየ ሳጥን ከሌለው ክሎቨር አይዘራም። ጥልቀቱን ሳያስተካክሉ የጀመሩ ሰዎች ክሎቨሩን 3 ሳንቲ ሜትር አስገብተው ማሽኑን ይሰድባሉ። በዓመት ሁለት ቀን ለሚሠራ ዕቃ መከራየት ወይም ከሦስት አራት ሰው ጋር መጋራት ነው ደግ።

ጭራሽ ያልተነሳ ነገርም አለ፤ አፈሩ። ክሎቨር ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ6 እስከ 7 ያለ አፈር ይወዳል። አሲዳማ መሬት ላይ የትኛውም ብረት አያድነውም፣ ኖራ ነው የሚያስፈልገው፣ ኖራ ደግሞ ለመሥራት ወራት ይወስዳል። ካነሳነው አይቀር፣ ዲስክም ሮታቬተርም ከልባቸው የሚጠቅሙት እዚህ ጋ ነው። ኖራ በራሱ ወደ ታች አይወርድም፣ ከአፈሩ ጋር የሚያቀላቅለው ይፈልጋል። የዱቄቱ ኖራ በተለመደው ማዳበሪያ መበተኛ ውስጥ ይደፈንና ይቆማል፣ ለሱ የሚሆነው ጠጠር ጠጠር ተደርጎ የተሠራው ነው።

ወዳጄን ማታ ደወልኩለትና ይሄን ሁሉ ነገርኩት። ሁለት ማሳ አለው፣ ሁለቱም ተደምረው 0.4 ሄክታር፣ በዕድሜ የገፋ ባለ 30 ፈረስ ጉልበት ትራክተርም አለው። ዝም ብሎ ሲያዳምጠኝ ቆየና «ቀብዱስ?» አለኝ። መዳመጫ ይሸጡ እንደሆነ ጠይቃቸው፣ ወደ እሱ ያዛውሩልህ አልኩት። ትናንት ፎቶ ላከልኝ። አፈር ላይ ያረፈ የጫማ ዱካ፣ ጎኑ ላይ የቆመ ማስመሪያ። ማስመሪያው 2 ሳንቲ ሜትር ያሳያል። «ልዝራ?» ይላል ከሥሩ።

«ገና ነው፣ አንዴ ድገመው» ብዬ መለስኩለት።